ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስድብ

ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በሙሉ፦ አሥራ ስምንት ዓመት በታማኝነት ያገለገለው አሮጌው የኢሜይል ፕሮግራም ዓርብ ልክ በስድስት ሰዓት ከዚህ ዓለም ድካም ስለሚያርፍ፣ ደብዳቤዎቹ አንድም ሳይቀር ወደ አዲሱ ፕሮግራም እንደሚሻገሩ በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን።

ማስታወቂያው፣ ሁሉም እንዲያነበው፣ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። «አንድም ሳይቀር» የምትለውን ከልቡ ያመናት ግን የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ብቻ ነበር።

ሰውየው ከታላቅ ወንድሙ ጋር በአባታቸው የግድግዳ ሰዓት ተጣልቶ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገረም። ወንድሙ ግን በወር ሁለቴ፣ ሳያዛንፍ፣ በኢሜይል ይሰድበዋል። እሱም በዘመድ አዝማድ ፊት፣ «የእሱን ደብዳቤ ቆሻሻ ውስጥ ነው የምጥለው!» ብሎ ምሏል። መሐላ አክባሪ ነውና እያንዳንዷን አንብቦ የኢሜይሉ ቆሻሻ ውስጥ ይጥላታል። ቆሻሻውን መድፋት ግን በመሐላው አልተጠቀሰም። ሆድ ሲብሰው የቢሮውን በር ዘግቶ እዚያ ይገባና፣ እስኪበቃው ተሰድቦ፣ ፊቱ ፈክቶ ይወጣል።

የመጨረሻዋ ከሁለት ወር በፊት ሰኞ መጣች። «ትንሽ ይብገን» ብሎ ሳይከፍት ጣላት። ሐሙስ ወንድሙ ሞተ። ከዚያ ወዲያ ሊከፍታት ቢሞክርም፣ ከእሷ በኋላ ሌላ እንደማይመጣ ትዝ እያለው እጁ እምቢ አለው።

ዓርብ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከስብሰባ ሲመለስ፣ ከቅጥነቷ የተነሣ «ሽቦ» የሚሏት የኮምፒውተር ባለሙያ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ ይመርቁኝ! ሸክምዎን አቅልዬልዎታለሁ። ቆሻሻዎን ደፋሁት።»

«የምን ቆሻሻ?»

«የኢሜይሉን ነዋ! ቆሻሻ ይዞ አዲስ ቤት የሚገባ አለ? ሁለት መቶ አሥራ ሁለት! ቤትዎም እንዲህ ነው እንዴ?»

መደርደሪያውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ዘጭ አለ።

«መልሽው።»

«ቆሻሻ ምን ያደርግልዎታል?»

«መልሽው! በሞቴ! በእናትሽ!»

የሽቦ ሳቅ ከንፈሯ ላይ ደረቀ። አሮጌው ፕሮግራም የተደፋውን ቶሎ አያጠፋም፤ ከዝርዝሩ ይሰርዘውና ደብዳቤውን ባለበት ይተወዋል። ለዘለዓለም የሚጠፋው ቦታ እንዲለቅ ፋይሉ ሲጨመቅ ነው፤ እሱንም «ልጭመቀው ወይ?» ብሎ ሳይጠይቅ አያደርገውም። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረችው።

«ታዲያ ምን አልሽው?»

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ። በቀን ሃምሳ ጊዜ ይጠይቀኛል፤ እሺ ማለት ለምዶብኛል።»

ለስድስት ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። ሽቦ ፋይሉን ትበረብራለች፤ እሱ ከኋላዋ ቆሞ የአባታቸውን ሰዓት ለወንድሙ ልጆች ሊሰጥ፣ ዳግመኛም ሰው ላይቀየም ይሳላል። አንድም ነገር አልወጣም። ሩብ ጉዳይ ሆነ። አሁንም የለም። ላቡ ኮሌታውን አራሰው።

«ቆይ፣ ቆይ... አልተጨመቀም! 'አንተ የአህያ ጆሮ' ይላል።»

«እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው!» እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«'መሙላት የምታውቀው ሆድህን እንጂ ሰዓት አይደለም...' ኧረ ጋሼ፣ ይኼ ሰው በጤናው ነው?»

«እውነቱን እኮ ነው! ፍጠኚ!»

ስድቡ ይግተለተል ጀመር። ግማሹ መካከሉ ተበልቷል፤ አንዳንዱም «ደንቆሮ» ከምትለው በቀር ባዶ ነው። ሁለት ደቂቃ ሲቀር የመጨረሻዋ፣ በደማቅ ፊደል፣ ብቅ አለች።

«ይቺ አልተነበበችም። ልክፈትልዎት?»

«ተዪያት።»

«እሺ፣ ራስዎ ይክፈቷት።»

«አልከፍታትም። አሻግሪያት።»

«ነፍሴ እስኪወጣ ያስበረበሩኝ እኮ ለማንበብ መስሎኝ! ታዲያ ለምንድን ነው?»

«አሻግሪያት አልኩሽ። ለምን እንደሆነ አልናገርም።»