መርማሪዋ ያልቻለችው ስልክ

ለአራተኛ ጊዜ ተጫነችው። ስልኩ ዝም አለ። ጣቷን በሱሪዋ ጠራርጋ «ሀ» የምትለዋን ፊደል እንደገና፣ አሁን ደግሞ ጠንከር አድርጋ ነካች። ምንም የለም። ፊደሎቹ መስታወቱ ላይ ተደርድረው እንደ ኮስታራ ዘበኛ ያዩዋታል እንጂ አንዷም ወደ ላይኛው ነጭ ሣጥን አልሄደችም።

«ተበላሽቷል» አለች።

ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት ሰዓት ሠሪ ፈገግ አሉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ኮታቸውም በዕድሜ ብዙ የማያንሳቸው ሽማግሌ ናቸው። «አልተበላሸም ልጄ። እጅሽ ጤነኛ ስለሆነ ነው።»

ስልኩን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እያለ ጸጥ ብሎ ነበር። ከፍ ሲል ትንሽ ተርገበገበ፤ ወደ መስታወቱ ሲቀርብ ጭራሽ ባሰበት፤ ጣታቸው በአንድ ፊደል ፋንታ አራቱን እየዳሰሰ ይመላለስ ጀመር። መርማሪዋ ዓይኗን ልታነሣ ስትል በነጩ ሣጥን ውስጥ አንድ ፊደል ብቅ አለ። ቀጥሎ ሌላ። ደቂቃ ሳይሞላ «እንደምን አደርሽ» የሚል አንድም ስሕተት የሌለበት ጽሑፍ ከፊቷ ተቀመጠ።

«ለእኔ ዓይነት እጅ አዙሬው ስለሆነ ነው» አሉ ሽማግሌው ይቅርታ እንደ መጠየቅ ብለው። «ወደ መደበኛው ብመልሰው ላንቺም ይሠራል።»

መርማሪዋ በዚህ ቢሮ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ሰው ከመሣሪያ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ፣ ማለትም ቁልፉን፣ ስክሪኑን፣ መጫኑንና ማንሸራተቱን «ይህ የእኔ ፈጠራ ነው» እያሉ የሚመጡ ሰዎችን ማመልከቻ መመርመር ነው። ነገሩ በእርግጥ አዲስ ነው ወይስ ማንኛውም የዘርፉ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ቢያስብ የሚደርስበት? አዲስ ከሆነ ፓተንት የሚባለው የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀት ይሰጣል፤ ካልሆነ አይሰጥም። የሥራ ባልደረቦቿ «እምቢ» ይሏታል። ቅጽል ስሟን ትወደዋለች። የዘጠኝ ዓመት ልጇ እንኳ ከሥራ ስትመለስ በሩን የምትከፍትላት «ዛሬ ማንን እምቢ አልሽ?» እያለች ነው።

እምቢ ማለቷ ደግሞ ክፋት አይደለም። ክብ የነበረውን ቁልፍ አራት ማዕዘን አድርጎ አርባ ገጽ የሚጽፍ ኩባንያ አለ። ሰው ሁሉ ሲያደርገው የኖረውን፣ ጣትን ጫን አድርጎ መቆየትን፣ ረጅም ስም አውጥቶለት «ከእንግዲህ ያለ እኔ ፈቃድ እንዳትጫኑ» የሚል ዓይን አውጣ አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ አንድ ጊዜ እሺ ከተባለ በሁሉም ሰው መንገድ ላይ አጥር ቆመ ማለት ነው፤ አጥሩን የሚያፈርሰውም ከአጥሩ ባለቤት ይልቅ ብዙ ይደክማል። ይህን ስለምታውቅ ጠዋት እርሳሷን ቀርጻ ስትቀመጥ ደስ ይላታል። በሥራቸው ከሚማረሩት አይደለችም።

ለሰዓት ሠሪውም ማመልከቻ ከሦስት ወር በፊት እምቢ ብላለች። ሁለት ቀደምት ሰነዶች አገኘች። አንደኛው እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች ፊደሎቹን አስፍቶና አራርቆ የሚያስቀምጥ ነው። ሁለተኛው ስክሪን ላይ በጣት ሥዕል ለሚሥሉ የእጁን መርገብገብ አጥፍቶ መስመሩን የሚያቃና ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገ ባለሙያ የአመልካቹ ነገር ላይ ይደርሳል አለች። በመጨረሻም እንዲህ ብላ ዘጋችው፦ «በማመልከቻው ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዲስ ነገር የለም።» ዓረፍተ ነገሩን ወዳው ሁለት ጊዜ አንብባው ነበር።

የዛሬው ስብሰባ የመጨረሻው ነው። ከዚህ በኋላ የምትሰጠው ውሳኔ ፋይሉን ይዘጋዋል። አንድ ስልክ አምራች ለሽማግሌው ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ ወረቀቱ ካለ ፈጠራውን በስማቸውና በፈቃዳቸው ይጠቀማል፤ ወረቀቱ ከሌለ ግን መንገድ ላይ የወደቀ ዕቃ ነው፣ ላነሣው ሰው ነው።

በሽማግሌው ጎን የተቀመጠው ወኪላቸው ጉሮሮውን ጠረገ። ከመርማሪዋ ጋር በአንድ ክፍል የተማረ፣ አፉ የማይዘጋ፣ ክራቫቱ የማይላላ ሰው ነው። ማመልከቻውን የጻፈው እሱ ነው። በተለይ የመብቱን ወሰን፣ «የእኔ የሚባለው ከዚህ እስከዚህ ነው» የሚባልበትን ክፍል፣ «የእጅን እንቅስቃሴ ተንትኖ የተፈለገውን ፊደል የሚለይ ማንኛውም መሣሪያ» ብሎ አስፍቶታል። በዚህ አነጋገር በዓለም ላይ ያለ ስልክ ሁሉ የሰዓት ሠሪው ሆኖ አረፈው።

«አንተ» አለችው፣ «ባሕሩን በሙሉ አጥረህ ነው አንድ ዓሣ የምታሳየኝ?»

«ደንበኛዬን በሰፊው መጠበቅ ሥራዬ ነው።»

«ቀበርካቸው እንጂ መቼ ጠበቅካቸው!» አለችና ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባቴ፣ የእሱን ጽሑፍ ይተዉት። እርስዎ በራስዎ አፍ ይንገሩኝ። ይህ ስልክ ምን እያደረገ ነው?»

ሰዓት ሠሪው እጃቸውን ጭናቸው ላይ መልሰው አሳረፉት። «የእኔ እጅ ዝም ብሎ አይንቀጠቀጥም። ኪሴ ውስጥ ሲሆን ሰላም ነው። የሚፈልገው ነገር ሲቀርበው ነው የሚብስበት። ማንኪያ ላነሣ ስል፣ ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ ልከት ስል። ሐኪሙም እንዲህ ያለ ዓይነት አለ ብሎኛል።»

«እሺ።»

«ሰው ሁሉ ሊያስቆመው ይሞክራል። መድኃኒቱም፣ ስልኩም። እኔ ደግሞ አርባ ስድስት ዓመት ሰዓት ስሠራ የሚወዛወዘውን ነገር አስቁሜ ጊዜ ዐውቄ አላውቅም። ከውዝዋዜው ነው የማነበው። ኮዱን የጻፈችልኝ ምራቴ ናት፤ እሷን ጠርቼ፣ 'ስልኩ መንቀጥቀጡን አያጥፋው፣ ይስማው' አልኳት። እጄ ይበልጥ የባሰበት ፊደል የቱ ነው? በቃ፣ የፈለግኩት እሱን ነው።»

ወኪሉ የሆነ ነገር ሊጨምር አፉን ሲከፍት መርማሪዋ በእርሳሷ ጠረጴዛውን መታ አድርጋ ዝም አሰኘችው። ያገኘቻቸው ሁለት ሰነዶች ትዝ አሏት። ሁለተኛው ሰነድ መርገብገብን የሚያጠፋ ነው። መርገብገቡ ከጠፋ የሽማግሌው ስልክ የሚሰማው ነገር አይኖርም። እንግዲህ ያ ሰነድ እንዴት ሆኖ ነው ባለሙያውን ወደዚህ የሚያደርሰው? ወደ ተቃራኒው እንጂ!

«ይህ ነገር ማመልከቻው ውስጥ ተጽፏል?» አለች ወኪሉን።

ገጾቹን አገላብጦ ቆየና «አንቀጽ ሠላሳ አንድ» አለ ቀስ ብሎ። ስለ ባትሪ ከሚያወራ አንቀጽና ስለ ስልኩ ሽፋን ከሚያወራ አንቀጽ መካከል የተወሸቀ፣ ሦስት መስመር የማይሞላ ነገር ነው።

የራሷን ቅጂ ገለጠች። መርማሪዋ ያነበበችውን መስመር ሁሉ በእርሳስ ሳታሰምር አታልፍም፤ ፋይሎቿ በመስመርና በጥያቄ ምልክት የተዥጎረጎሩ ናቸው። እስከ ገጽ አሥራ ሁለት ድረስ እርሳሱ አለ። አንቀጽ ሠላሳ አንድ ያለበት ገጽ አሥራ አራት ግን እንደ ታጠበ ሳሕን ነጭ ነው።

አስታወሰችው። ያን ቀን የወኪሉን ስግብግብ ጽሑፍ አይታ ተናድዳ ነበር። ንዴት ደግሞ ፈጣን አንባቢ ነው፤ መጨረሻውን ሳያይ ያውቀዋል። አዲስ ገቢ መርማሪዎችን የምትቆጣበት ዋና ጥፋት መልሱን ካዩ በኋላ «ጥያቄው እኮ ቀላል ነበር» ማለታቸው ነው። ለዚህ ስትል ችግሩን ብቻ ካነበቡ በኋላ ፋይሉን ዘግተው የራሳቸውን መፍትሔ በወረቀት እንዲሥሉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እንዲቀጥሉ ታስገድዳቸዋለች። እሷ ከእነሱ ባሰች። እነሱ መልሱን አይተው ነው ያቀለሉት፤ እሷ መልሱንም አላየችውም።

«ወሰኑን አጥብበህ ጻፈው» አለችው ወኪሉን።

ወኪሉ መደራደር ጀመረ። ይህን ብናስቀር ያንን እናስገባ፣ «ማንኛውም» የሚለውን ብናወጣ «በዋናነት» የሚል ብናስቀምጥ። ሽማግሌው ክርኑን ያዙት። «ልጄ፣ የሰው አልፈልግም። የእኔን ብቻ ጻፍልኝ።» ከምሳ በፊት አራት መስመር ሆኖ ተጽፎ አለቀ። አራቱም መስመር ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መንቀጥቀጡን ስለሚሰማው ስልክ።

ሲወጡ ሰዓት ሠሪው የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብለው አዩና በቀን ሁለት ደቂቃ እንደሚቀድም ነገሯት። እውነታቸውን ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ መስኮታቸው ላይ ያሉትን አበቦች ውኃ ሲያጠጡ ድምፃቸው የሚለሰልስ ሰው ናቸው። ነገሩን ሰምተው አልደነገጡም። መፍትሔው አጠገቧ ነው አሉ፤ አመልካቹ ወሰኑን አጥብቧል፣ ስለዚህ በማሻሻያው ምክንያት ተፈቀደ ብላ ትጽፋለች፣ ማንም ምንም አይጠይቃትም።

«የጻፍኩትስ ዓረፍተ ነገር?»

«የቱ?»

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዲስ ነገር የለም ያልኩት። ፋይሉ ለማንም ክፍት ነው። አምራቹ ጠበቃ ልኮ በመጀመሪያው ቀን ያገኘዋል። 'መርማሪዋ ራሷ አዲስ ነገር የለውም ብላለች' ብሎ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሽማግሌው ወረቀቱን ይዘው ይቀራሉ።»

ኃላፊው የውኃ መርጫውን አስቀመጡ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል።»

«ያንን ያለው ሰው ልጅ አልነበረውም።»

ሳቁ። ከዚያ ግን ቁም ነገሩን ነገሯት። የመርማሪ ስሕተት በዓመቱ ግምገማ ይመዘገባል፤ በአሥራ አንድ ዓመት አንድም የለባትም። ከዚያም በላይ እምቢ የተባለ ሁሉ ይህንን ይዞ ይመጣል፤ ክብ ቁልፉን አራት ማዕዘን ያደረገውም ጭምር። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አሉ። «እኔ ግን አልከለክልሽም። ፊርማው ያንቺ ነው።»

ምሳዋን ጠረጴዛዋ ላይ እየበላች ለባሏ ደወለች። ባሏ የሒሳብ መምህር ነው፤ የእረፍት ማብቂያ ደወል እስኪደወል ድረስ የነበረው ጊዜ አምስት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ ስሕተቷን በጽሑፍ ልታምን እንዳሰበች በአጭሩ ነገረችው። ሊመክራት መስሏት ጠበቀች።

«እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩትን ቃል» አለ በመጨረሻ፣ «ለማታውቂው ሰው ልትሰጪው ነው?»

«አንተ ፋይል የለህም።»

«እከፍታለኋ!»

እየሳቀች ዘጋችው። የክብ ቁልፉ ሰውዬም ትዝ አላት። ይምጣ አለች በልቧ። ለእሱ የጻፈችው ፋይል ከዳር እስከ ዳር ተሰምሮበታል፤ ከፈለገ ገጽ በገጽ ታሳየዋለች። ይህን ካሰበች በኋላ የቀረውን ዳቦ በደንብ አጣጥማ በላችው።

ከሰዓት በኋላ የቢሮውን ሲስተም ከፈተችና የመጀመሪያው መስመር ላይ «ተፈቅዷል» የሚለውን መረጠች። ሲስተሙ ቀጥሎ ውሳኔው የተቀየረበትን ምክንያት ጠየቃት። ይህን ገጽ ማን እንደሠራው አይታወቅም፤ ፓተንት ይሰጠኝ ብሎ ቢመጣ ኖሮ በር ላይ ትመልሰው ነበር። አራት ምክንያቶች ተደርድረዋል፦ የአመልካች ማሻሻያ፣ አዲስ ማስረጃ፣ የሕግ ለውጥ፣ ሌላ። የመጀመሪያው አስቀድሞ ተመርጦ ተቀምጧል። ምንም ሳትነካ «ላክ» ብትል ሥራው ያልቃል። መርማሪ ሊሳሳት ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው ገጹ ሲሠራ በአካባቢው አልነበረም።

«ሌላ» የሚለውን ነካች። ትንሽ ሣጥን ተከፈተ፤ ከሥሩ በደቃቁ «ከስድሳ ፊደል አይበልጥ» ይላል።

መጀመሪያ በደንቡ አነጋገር ጀመረች። ቀደም ሲል በተሰጠው የምርመራ ውጤት ላይ በተደረገው ተጨማሪ ግምገማ መሠረት... ሣጥኑ ሞላና ቆረጣት። ደግ አደረገ። እንዲህ ባለ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰው የለም፤ ስሕተቱ ራሱን በራሱ የሠራው ይመስላል። አጠፋችው። ሁለተኛው ሙከራ ስለ ወኪሉ አጻጻፍ ሆነ። እውነት ነበር፤ ግን የእሱ ጥፋት የእሱ ነው። እሱንም አጠፋች።

ከዚያ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«አዲስ ነገር የለም ያልኩት ስሕተት ነው። አንቀጽ 31ን አላነበብኩም።»

ጥቂት ፊደል የሚያስገባ ቦታ ተርፏል። የሚጨመር ነገር ስላልነበረ ላከችው።