የአሥራ ስምንተኛዋ ኤ

«አልጨምርም» አለ መምህሩ፣ ልጅቷ ገና በሩን ገፋ ስታደርግ።

«ለሱ አይደለም የመጣሁት።»

«ሁላችሁም እንደዚያ ነው የምትሉት። መጀመሪያ ወረቀቴን ልይ ትላላችሁ፣ ቀጥሎ እናታችሁ ትታመማለች።»

ከጠዋት ጀምሮ ተማሪ ሲጨቃጨቀው ውሎ ድምፁ ሰልሏል። ተማሪዎቹ ገብጋባው ይሉታል፤ ግማሽ ነጥብ ሲሰጥ እጁ ይንቀጠቀጣል እያሉም ይቀልዱበታል።

«እንዲቀንሱልኝ ነው» አለች ልጅቷ።

መነጽሩን አውልቆ አያት። «በጤናሽ ነው?»

«ኤ ነው የተሰጠኝ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ግን አልነካኋቸውም።»

በስም ዝርዝሩ ላይ እሷ አሥራ ሰባተኛ፣ የክፍል ጓደኛዋ አሥራ ስምንተኛ ናቸው። ፈተና የሚቀመጡት በዝርዝሩ ተራ ስለሆነ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ጎን ለጎን ናቸው፤ የተዋወቁትም ላጲስ ሲዋዋሱ ነው። ኋላ አንድ ዶርም ገቡ። ለዚህ ፈተና ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጋዋ ላይ አስቀምጣ ያስጠናቻት ጓደኛዋ ናት። ውጤት ሲለጠፍ ግን ለአጥኚዋ ኤ፣ ለአስጠኚዋ ዲ መጣ።

ጓደኛዋ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ በጣቷ ተከትላ አነበበች። «ከኔ ገልብጠሽ ቅጣቱ ለእኔ ደረሰኝ» አለች። ሄደሽ ጠይቂ ስትባልም፣ «በገብጋባው ደጅ ቆሜ አልለምንም» ብላ አንሶላዋን ጠቅልላ ሌላ ዶርም ገባች። ይኸው ሳምንት አለፈው። ልጅቷ ብቻዋን በልታ፣ ብቻዋን አጥንታ ትመለሳለች። ባዶው ፍራሽ ፊት ለፊቷ ተዘርግቷል፤ ልብሷን እንኳ አታስቀምጥበትም።

መምህሩ ወረቀቶቹን ከመሳቢያ አወጣ። የሷ ላይ በቀይ ስድሳ አንድ ተጽፏል፤ የጓደኛዋ ላይ ዘጠና ሁለት። ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ ዝርዝሩን ወደ ላይ ሲመረምር አሥራ አራተኛው ላይ ቆመ። ትምህርቱን አቋርጦ የሄደ ልጅ ነው። መምህሩ የልጁን ባዶ የውጤት ሳጥን ሲያጠፋ፣ ከሥር ያለው ውጤት ሁሉ አንድ አንድ ረድፍ ወደ ላይ ወጥቷል፤ የጓደኛዋም ኤ እሷ ስም ላይ አርፏል።

«ፈተናውን ያልተቀመጠውም ቢ አግኝቷል» አለ። ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። «ይሄ ሃያ ሰው ይነካል። ግማሹ ይወርዳል። ማን ነገረው ሲሉ ደግሞ አንቺን ነው የሚጠሉሽ።»

«አሁንስ ማን ያናግረኛል ብለው ነው?»

«አንቺም ሲ ላይ ነው የምትወድቂው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠቀሚያለሽ?»

መልስ ነበራት፤ ለመምህር የሚነገር ግን አልመሰላትም። መምህሩ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መመለስ ጀመረ።

ዓርብ አዲሱ ዝርዝር ተለጠፈ። ሰሌዳው አጠገብ፣ «ያቺ ናት» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች። ዞር አላለችም።

ቅዳሜ ከሰዓት ጓደኛዋ መጣች። ድሮ አታንኳኳም ነበር፤ አሁን አንኳኩታ ገባች።

«ብርድ ልብሴን ረስቼ» አለች።

«ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው።»

ጓደኛዋ ብርድ ልብሱን አውጥታ ባዶው ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። ጫፉን ስታፍተለትል ቆየች።

«ውጤቱን አየሁት።»

«እሺ።»

«ሲ ሆነብሽ።»

«የኔው ነው።»

ጓደኛዋ ብርድ ልብሷን አጣጥፋ ይዛ ወደ አዲሱ ዶርሟ ሄደች።