በሰው ጨርቅ አይቀለድም

ልብስ ሰፊውን ሰው ሁሉ ጋሽ ልክ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ትከሻ በዓይኑ ሲለካ ጣት ያህል ስቶ ስለማያውቅ ደንበኞቹ ናቸው ያወጡለት። ሱቁ ውስጥ የሚሠሩት ሦስት ናቸው፤ እሱ፣ ሴት ልጁና ጨርቅ ቆራጩ። ዓመቱን ሙሉ ጨዋ ናቸው፤ አፕሪል ዘ ፉል የሚሉት የቀልድ ቀን የመጣ እንደሆነ ግን ሦስቱንም የሚችላቸው የለም።

ዘንድሮም ገና በጠዋቱ ተጀመረ። ቆራጩ የጋሽ ልክን የሽርጥ ኪስ ሰፍቶ ዘግቶት፣ ሽማግሌው መነጽሩን ልክተት ብሎ ሲታገል ቆይቶ ነው የነቃው። ደግነቱ ለቀልድ የሚሰፋ ነገር በነጭ ክር ላላ ተደርጎ ስለሆነ፣ አንዴ ሲስበው ተተረተረ። ልጁ ደግሞ ቆራጩ ቦርጩን የሚለካበትን አሮጌ ሜትር ከመነሻው ጫፍ አሥር ሳንቲሜትር ቆርጣለት ኖሮ፣ ሰውየው በአንድ ሌሊት ወፍሮ አደረና የያዘውን ዳቦ ወረቀቱ ውስጥ መለሰው። ጋሽ ልክ ሻይ አፍልቶ ለሁለቱም ጨው ጨመረላቸው። ከዚያ በየዓመቱ የሚያወራትን አወራ፤ ሱሪው አጠረኝ ብሎ ስለተቆጣው ደንበኛና፣ «ስታዝ ልክህ ነበር፣ ስትጠብቅ አደግህ እንጂ» ስላለው ልብስ ሰፊ። ሁለቱም እንደ አዲስ ሳቁለት።

ቀልዱ ታዲያ ሕግ አለው፤ ሕጉንም ያወጣው ራሱ ጋሽ ልክ ነው። በሰው ጨርቅ አይቀለድም። ሰው አምኖ ጨርቁን ሰጥቶህ አንተ ልትስቅበት? ሞኝህን ፈልግ! ልጁ ገና ከጠረጴዛው ሥር በቁልፍና በቁርጥራጭ ጨርቅ ስትጫወት ጀምሮ ይህን እየሰማች ነው ያደገችው።

ከምሳ በኋላ አንድ ርዕሰ መምህር ኮቱን ሊወስድ መጣ። በማግስቱ በጡረታ ሊሰናበት ነው፤ ኮቱም ለዚያ ነው የተሰፋው። መስታወቱ ፊት ቆሞ ለበሰው። እጆቹ ወደ ኋላ ሄዱ። ወደ ፊት ላምጣቸው ብሎ ሲታገል ጀርባው ተጨማደደ፤ ከኋላ መሆን የሚገባቸው የእጅጌው ቁልፎችም ከፊት ተደርድረው ታዩ። የቀኙ እጅጌ በግራ፣ የግራው በቀኝ ገብቷል።

መጀመሪያ የፈነዳው ቆራጩ ነው፤ ጋሼ ዘንድሮ የራሳቸውን ሕግ ሽረው ጉድ ሠሩን እያለ ጠረጴዛውን ደበደበ። ርዕሰ መምህሩም ቀኑ ትዝ ሲለው ሳቁ አመለጠው፤ በዚህ ኮት ብሰናበት ተማሪዎቼ ሌባ ተያዘ ብለው ይሸኙኛል አለ። ልጁማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ጋሽ ልክ ግን ክው ብሎ ቀረ። እሱ አልቀለደም። ኮቱን መጀመሩ ትዝ ይለዋል፤ ገበሩን መምረጡም ትዝ ይለዋል። እጅጌውን የገጠመበት ቀን ግን የውሃ ሽታ ሆነበት። ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ከቤት ወጥቶ፣ ከለቀቁት አሥር ዓመት ያለፈው የድሮ ሱቃቸው በር ላይ ቆሞ ራሱን አግኝቶታል። ያን ቀን ጋዜጣ ገዝቶ፣ እሱን ስፈልግ ዘገየሁ ብሎ አለፈው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም። የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ልጁ አውቃበት ከስፌት መኪናው ፊት እንዳታስነሳው። ሌላ ምን አለው? ሚስቱን ቀብሯል፤ የቀረው እጁ ነው።

ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ? ሳቀ። ሁላችሁንም በአንድ ኮት ጠቀለልኳችሁ አለና መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

ልጁ ለርዕሰ መምህሩ ማታ ላይ ብቅ ቢሉ ይደርሳል አለችውና፣ እየተፍለቀለቀች ኮቱን ልትፈታ ተቀመጠች። ነጩን ክር ፈልጋ ልትስብ እጅጌውን ገለበጠችው። ነጭ ክር የለም። የማሽኑ ስፌት ጥቅጥቅ ብሎ ሄዷል፤ በላዩ ላይ ገበሩ በእጅ፣ በጥቃቅን ስፌት እየተለቀመ ተዘግቷል። ጫፉ ሦስት ጊዜ ተቋጥሯል። እንዲህ አድርጎ የሚጨርስ አባቷ ብቻ ነው፤ እንዲህ የሚጨርሰውም ሥራው አልቋል ብሎ ሲያምን ነው።

ሳቋ ቆመ። ጋሽ ልክ ከመኪናው ጀርባ ሆኖ ያያታል። ዞር ትላለች ብሎ ጠበቀ፤ አልዞረችም። ምላጭ አንስታ ስፌቱን አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች። ቆራጩ ለእያንዳንዱ ገቢና ወጪ ቀልዱን እየተረከ ይንከተከታል፤ ጋሽ ልክም ባወራ ቁጥር አብሮት ይስቃል። ሲመሽ ርዕሰ መምህሩ የተስተካከለውን ኮት ለብሶ፣ እጁን ወደ ፊት እያወናጨፈ ወጣ። አባትና ልጅ ወደ ቤት አብረው ሄዱ። መንገድ ሲሻገሩ ክንዱን ያዘችው፤ ከዚያ ቀን በፊት ይዛው አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ቆራጩ ገና አልመጣም። ጠረጴዛው ላይ የሚቀጥለው ኮት ተቆርጦ ተደርድሯል። ጋሽ ልክ አንዱን እጅጌ አነሳ። በውስጥ በኩል በጠመኔ ተጽፎበታል፤ «ቀኝ»። ሌላውን ገለበጠው፤ «ግራ»። ትከሻዎቹን አየ፤ እዚያም «ቀኝ»፣ እዚያም «ግራ»። ጽሕፈቱ የልጁ ነው። እንዲህ የሚጻፈው ሥራ ለጀመረ ሰው ነው፤ በአሥራ አራት ዓመቷ ስፌት ሲያስተምራት እሱ ራሱ እንዲህ ይጽፍላት ነበር።

ልጁ ክር እያስገባች ነው። እስክትስቅ ጠበቀ።

«ይሄ የትናንቱ ቀልድ ተርፎ ነው?» አላት።

ክሩ መርፌው ቀዳዳ አልገባ አላት። እንደገና ሞከረች።

«አዎ አባዬ፣ ቀልድ ነው» አለች። «ግን አታጥፋው።»

ወንበሩን ስቦ መኪናው ፊት ተቀመጠና፣ ቀኝ የተባለውን እጅጌ ቀኝ ከተባለው ትከሻ ጋር ገጠመ።