የታጠበው ከሰል

ተክላይ ከበርሜሉ የቀዳውን ውሃ ወደ አፍንጫው አስጠጋና ፊቱን አጨማደደ። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። የግቢው ሦስት ሕፃናት ከንጋት ጀምሮ እያስመለሱ ነው።

"ከሪማ፣ በርሜሉን የነካው ሰው አለ?" ሲል ጎረቤቱን ጠየቃት።

"ማን ይነካዋል ጋሼ? ቁልፉ እኔ ጋ አይደል? ሽታ ሲጀምረው ጊዜ ትናንት ከሰሉን አውጥቼ፣ በሳሙና ፈትጌ፣ ፀሐይ አስመትቼ መለስኩት። እርስዎ እንዳሉት።"

ተክላይ ክው አለ።

የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ቧንቧ በሳምንት አንዴ ቢመጣ ነው። የግቢውን ጉድጓድ ደግሞ ከጎረቤት ጋራዥ የሚፈስ ናፍጣ በክሎታል። ስድስት ኪሎ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራው ተክላይ ይህን የበርሜል ማጣሪያ የሠራው ከሦስት ወር በፊት ነው፤ ከላይ አሸዋ፣ መሃል ላይ የተፈጨ ከሰል፣ ከታች የደቀቀ ሸክላ። አሸዋው ቆሻሻውን ይይዛል፤ ከሰሉ ናፍጣውን ይጠጣል። ከሰል አንዴ ከጠገበ ግን ቢያጥቡት አይጠራም፤ ተደፍቶ በሌላ መተካት አለበት። እሱ ግን ያን ቀን ሥራ ረፍዶበት ስለነበር፣ አሸዋውን እያሰበ "ሲቆሽሽ እያጠብሽ መልሺ" ብቻ ብሏት ሄደ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

የሕፃናቱን መታመም የሰማው የቀበሌው ሊቀመንበር ገነነ ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች አስከትሎ ገባ።

"ይህ አሻጥር ነው! ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

የከሪማ እጅ ቁልፉ ወደተቋጠረበት የሻሿ ጫፍ ሄዶ እዚያው ቀረ። ባሏን አምና "ለጥያቄ" ብለው ወስደውት አልተመለሰም። ያዘለቻት ልጅ ገና ጡት አልተወችም። ተክላይም ትግራይ በመወለዱ ብቻ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ በመከራ ወጥቷል። ሦስተኛው ጥሪ መመለሻ እንደሌለው ያውቃል። ፈራ።

"አልሰማችሁም? ቁልፉ!"

ተክላይ መዳፉን ወደ ከሪማ ዘረጋ።

"ቁልፌን አምጪ እንጂ ልጄ። ትናንት ከሰሉን አጥቤ ስጨርስ እኮ ነው ያስያዝኩሽ።"

"ጋሼ..."

"አምጪ አልኩሽ!" ተቆጣት። ተቆጥቷት አያውቅም።

ቋጠሮው እምቢ ቢላት በጥርሷ ፈታችው። ተክላይ ቁልፉን ለገነነ አስረከበና በጥበቃዎቹ መሃል ከመውጣቱ በፊት ወደ ጎረቤቶቹ ዞር አለ።

"ከሰሉን ድፉት። የሚታጠበው አሸዋው ብቻ ነው።"