በባልንጀራ ጫንቃ የተገኘ ዕረፍት

ባልንጀሮቹ በጫንቃቸው የገዙለትን ዕረፍት ለከንቱ ውዳሴ ያዋለ ሰው፣ ዕረፍቱንም ውዳሴውንም ያጣል። ይህን ለማስረዳት ብዙ ምሳሌ መደርደር አያስፈልግም፤ የመኩሪያ ታሪክ ብቻውን ይበቃል።

መኩሪያ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ከጉርድ ሾላ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበር። ቀን ኩንታል ይሸከማል፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ቦሌ ወርዶ በአንድ የስፖርት ክበብ ክብደት ያነሣል። ክበቡ ሲመሠረት ብረት ስላልነበረው፣ ከአሮጌ የጭነት መኪና የተነቀለ አክሰል በሁለት ጫፉ ሲሚንቶ የተሞላ ጣሳ ተተክሎበት ነበር የሚነሣው። እውነተኛው ብረት በመጣ ጊዜም ከመኩሪያ በላይ የሚያነሣ አልተገኘም። ሰው ሁሉ ጉልበቱን አደነቀ፤ የወገቡን ነገር ግን ማንም አልጠየቀም፤ ራሱም ጭምር።

ሕመሙ በአንድ ቀን አልመጣም። መጀመሪያ ማለዳ ብቻ የሚሰማ ድርቀት ነበር፤ ሰውነቱ ሲሞቅ ይለቀዋል። ቀጥሎ ጆንያ ሲያወርድ ይይዘው ጀመር። በመጨረሻ ከወገቡ ተነሥቶ በታፋው ጀርባ እስከ ግራ ተረከዙ እንደ ቀዘቀዘ ሽቦ የሚዘልቅ ሆነ። ሲያስነጥሰው ግድግዳ ይይዛል። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ስለ ተሳነው፣ ሚስቱ ዘርፌ በየማለዳው ተንበርክካ ታስርለት ነበር፤ እርሱም ጣሪያውን ያያል።

ሐኪሙ መርምሮ ነገሩን ሳያወሳስብ ነገረው።

«በአከርካሪህ አጥንቶች መካከል ያለው ልስልስ ትራስ ተንሸራትቶ ነርቭህን ተጭኖታል። ክረምት እስኪገባ ምንም አትሸከም፤ ምንም አታንሣ። ከአልጋ ስትወርድ በጎንህ ተገልበጥና በክንድህ ተደግፈህ ተነሣ። ቀስ እያልህ ተራመድ። እንዲህ ካደረግህ ይሻልሃል። ካላደረግህ ግን ሁለተኛ የምትመጣው በሰው ትከሻ ነው።»

የማይጭን ጫኝ ግን ከጥቂት የሕመም ፈቃድ በኋላ ሥራ የለውም። መኩሪያ ይህን ለጭነት ቡድኑ ሲነግር አንገቱን ደፍቶ ነበር። ከቡድኑ በዕድሜ የሚበልጡት የተንቤኑ ሰው አቶ ገብረዋሕድ ጥቂት አሰቡና እንዲህ አሉ።

«እኛ አገር በሬው የሞተበት ሰው መሬቱ ጾሙን አያድርም፤ ጎረቤት ወንፈል ገብቶ ያርስለታል፤ እርሱም በተራው ለጎረቤቱ ያርሳል። አሁን የሞተው በሬ የመኩሪያ ወገብ ነው። አስተዳደሩ እንደ ሆነ የሚጠይቀው ጭነቱ በሰዓቱ መጠናቀቁን ነው። ድርሻውን እንሸከምለት፤ ሲድን በወገቡ ይመልስልናል። እኔም እያረጀሁ ነው፤ ብድሩ ይጠቅመኛል።»

«ታዲያ ጋሼ፣ በሬው ታሞ ገበሬዎቹ ሊጠመዱ ነው?» አለ ብርሃኑ የተባለው ጎልማሳ ጫኝ።

«አንተንማ በስተቀኝ ነው የምጠምድህ። ለምላስህ ግን የሚሆን ቀንበር አላገኘሁም።»

ሁሉም ሳቁ፤ ተስማሙም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኩሪያ በበርጩማ ተቀምጦ የጆንያ አፍ ሲሰፋ፣ የእርሱ ድርሻ በሌሎች ትከሻ ላይ ተደልድሎ ወደ መኪና ይወጣ ጀመር። ሰዎቹ ቀድሞውንም ከአቅማቸው በላይ የሚሠሩ ነበሩ፤ ቀኑ ረዘመባቸው። በምሳ ሰዓት ማውራት ትተው ግድግዳ ተደግፈው ያንቀላፉ ነበር። ይሁን እንጂ ማንም አላጉረመረመም። የመኩሪያም ሕመም እየቀለለ መጣ። ከዕለታት አንድ ቀን ጫማውን ራሱ ሲያስር ዘርፌ እልል ለማለት ጥቂት ቀርቷት ነበር።

የክበቡ አሠልጣኝ ረታ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው።

«ጓድ መኩሪያ! ልብስ ሰፊ ሆነ ሲሉኝ አላመንሁም ነበር። ለእኔስ አንድ ሱሪ አትሰፋልኝም?»

«ተወኝ ረታ፤ ሐኪም ከልክሎኛል።»

«ሐኪም! እርሱ ከእስክሪብቶ የከበደ ነገር አንሥቶ ያውቃል? ለወዛደሮች ቀን ቦሌ ላይ ውድድር አለ። ያ ተፎካካሪህ የአቃቂው ልጅ ‹መኩሪያ ሲፈራኝ ወገቤን አለ› እያለ በየመሸታ ቤቱ ይሥቅብሃል። እኔ ግን ምን አገባኝ፤ ስፋ፣ ስፋ።»

ፈታኝ የሚገባው በተከፈተ በር ነው። መኩሪያ ከሕመሙ ይልቅ መረሳቱ አሳምሞት ስለ ነበር፣ በሳምንቱ ልምምድ ጀመረ። ለዘርፌ «ሐኪሙ ያዘዘውን እርምጃ ልራመድ» ይላትና የገርጂን ሜዳ አቋርጦ ቦሌ ይወርዳል። ሕመሙም ተመልሶ መጣ። ጠዋት ጎብጦ ሲገባ የሚያዩት ባልደረቦቹ በሽታው የጠናበት መስሏቸው ያዝኑለት ነበር።

አንድ ቀን አቶ ገብረዋሕድ የጆንያውን ክምር ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ጠየቁት።

«እንዴት ሆንህ ልጄ?»

«ጋሼ፣ አልለቀቀኝም። ትንሽ ጊዜ ብትታገሡኝ…»

«እንታገሣለን። የተቀየመ ወገብ እንደ ተቀየመ ሰው ነው፤ ቀስ ብለው ሲለምኑት ይታረቃል። አንተ ብቻ ዕረፍ።»

ይህን ብለው ጆንያውን ተሸከሙ። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ መኩሪያ አየ። አይቶም ማታውን ወደ ቦሌ ሄደ።

ነገሩን ያወቀችው ዘርፌ ናት። እጁን ስታስታጥበው መዳፉ ተልጦ አየች።

«ጆንያ የሚሰፋ ሰው ጣቱ ይወጋል እንጂ መዳፉ አይላጥም። የት ነው የምትሄደው?»

ሊዋሽ ፈለገ፤ ግን ደከመው።

«ለዚህ ውድድር ብቻ ነው ዘርፌ። ከዚያ በኋላ ዐርፋለሁ።»

«በማን ወገብ ነው የምታርፈው? ጋሼ ገብረዋሕድ በዚያ ዕድሜያቸው ያንተን ሸክም ይዘው ሲወጡ አንተ በፈቃድህ ሸክም ትፈልጋለህ? ሄደህ ንገራቸው። ዛሬውኑ!»

«ነገ እነግራቸዋለሁ» አለ። ነገሩ በየቀኑ ነገ እየተባለ በዓሉ ደረሰ።

በበዓሉ ዋዜማ መኩሪያ «ከአልጋ መነሣት አቃተኝ» ብሎ ከሥራ ቀረ። በበዓሉ ዕለት ለዳቦ ቤቶች የሚሄድ ዱቄት በአስቸኳይ ስለ ተፈለገ፣ የጭነት ቡድኑ በዓሉን ትቶ ከማለዳ ጀምሮ መኪና ሲጭን ዋለ። መኩሪያ በዚያው ሰዓት በቦሌው አዳራሽ ወገቡን በሰፊ ቀበቶ ጠፍሮ ብረት ፊት ቆሞ ነበር። የመጀመሪያውን ክብደት አነሣ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ቀጣዩን እስከ ትከሻው አደረሰ። ከዚያ ወደ ላይ ሊገፋው ሲል በወገቡ ውስጥ አንድ ነገር ሲበጠስ ተሰማው። ብረቱ ወደቀ፤ እርሱም በጉልበቱ ተንበረከከ፤ መነሣት ግን አልቻለም።

«ተነሣ እንጂ! ሰው እያየህ ነው!» አለ ረታ ጥርሱን ነክሶ።

«እግሬ… ግራ እግሬ የለም» አለ መኩሪያ።

የጭነት ቡድኑ ከሥራ እንደ ወጣ፣ ልብሱ ዱቄት እንደ ለበሰ፣ ብርቱካንና ዳቦ ይዞ ታማሚውን ሊጠይቅ ወደ ቤቱ ሄደ። ዘርፌ አስቀመጠቻቸው። አልጋው ባዶ መሆኑን እያዩ «ወዴት ሄደ?» ሲሏት፣ መዋሸትም እውነቱን መናገርም አቅቷት አለቀሰች። ያን ጊዜ መኪና በደጅ ቆመ። ሁለት ሰዎች መኩሪያን ከነውድድር ልብሱ፣ ቁጥሩ ደረቱ ላይ እንደ ተለጠፈ፣ ደግፈው አወረዱትና ደጃፉ ላይ አስቀመጡት። ረታ ከመኪናው አልወረደም።

ሁሉም ደረቱ ላይ ያለውን ቁጥር አዩ። ቀልደኛው ብርሃኑም አልቀለደም።

«ጋሼ» አለ ብርሃኑ፣ «ዛሬ ጠዋት የማንን ጆንያ ነው የተሸከምነው?»

«አሁን እርሱን አንሡት» አሉ አቶ ገብረዋሕድ። «መሬት ላይ አይተኛም።»

ለአራት ተሸክመው አልጋው ላይ አጋደሙት። መኩሪያ የአቶ ገብረዋሕድን እጅ ያዘ።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት ይቅር ይበሉኝ። ስድን ለሁላችሁም እመልሳለሁ።»

«በምንህ?» አሉት። በቁጣ አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነበር በድምፃቸው። ብርቱካኑን ለዘርፌ ሰጥተው ወጡ።

በሳምንቱ የፋብሪካው ሠራተኞች ተሰብስበው ጉዳዩን መረመሩ። ዘርፌም ተጠርታ ያየችውን ተናገረች፤ መኩሪያም ቃሉን ሲጠየቅ በሰው ትከሻ እያረፈ ልምምድ ይሠራ እንደ ነበር አመነ። ወንፈሉ እንዲቀር፣ እርሱም ከጭነት ቡድኑ እንዲወጣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሐኪሙ ለሸክም ሥራ እንደማይሆን ስላረጋገጠ፣ አስተዳደሩ ከሥራ አሰናበተው። ክበቡም ስሙን ከተወዳዳሪዎቹ ሰርዞ የአቃቂውን ልጅ አስመጣ፤ ረታም የታመመ ሰው አወዳድረሃል ተብሎ ከአሠልጣኝነቱ ተሻረ። መኩሪያ ከዚያ በኋላ በከዘራ እየተደገፈ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ ይሄድ ነበር፤ ክብደትም ሆነ ጆንያ ዳግመኛ አላነሣም።