አረንጓዴው የእድር ቀለም

ደመቀች ለነገር ሁሉ አንዲት ተረት አለቻት፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቡራዩ ላይ ብቻዋን ሱቅ ይዛ፣ ግቢዋን አከራይታ የኖረችው በዚህችው ተረት ነው። ስኳር የሚያመጣላትን ነጋዴ ትጠረጥራለች፣ የጠራ ሰማይ ትጠረጥራለች፣ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ እንኳ ጫማዋን በር ላይ አትተውም፣ በፌስታል ቋጥራ በብብቷ ትይዘዋለች። የሰፈሩ እድር የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለማን ልስጥ ብሎ ሲመክር ታዲያ ብዙ አልተከራከረም። ለእሷ ሰጠ። እሷም ወዲያው አረንጓዴ ቀለም ገዝታ ከአግዳሚው ወንበር ጀምራ እስከ ሻይ ብርጭቆው ድረስ የሁሉንም ሥር ቀባችው። የእድሩ ዕቃ የትም ቢሄድ ሲገለበጥ ይናገራል።

በጓሮዋ ካሉት ክፍሎች አንዱን የተከራየችው ሱዓድ ትባላለች፤ ጦርነቱን ሸሽታ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከካርቱም የመጣች ሴት ናት። ኪራይዋን የሚከፍለው ሰበታ ላይ ቢሮ ያለው አንድ በጎ አድራጊ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ደግሞ ገንዘቡን የሚያገኘው ከመንግሥት ሲሆን፣ ዓላማውም ስደተኛው ለተወሰነ ጊዜ ተደግፎ ሥራ እንዲይዝና ራሱን እንዲችል ነው። ሱዓድ የመረጠችው ፉል መሸጥ ነበር። በአምቦ መንገድ ዳር አንዲት ቆርቆሮ ቤት ይዛ ለሚኒባስ ሾፌሮችና በአካባቢው ላሉ በያጆች ቁርስ ታቀርባለች። ደመቀች ግን እዚያ ቤት አንድም ቀን እግሯን አላስገባችም።

ምክንያትም ነበራት። ሱዓድ እድር ልግባ ብላ የጠየቀች ጊዜ የእድሩ ዳኛ ኦቦ ዱቤ፣ ጎረቤት ጎረቤት ነው ብለው ሊያስገቧት ፈልገው ነበር። ደመቀች ተነሥታ ተቃወመች። ስደተኛ ዛሬ አለ ነገ የለም፣ የተሻለ አገር ሲያገኝ ብድግ ብሎ ይሄዳል፣ የእኛን ሬሳ ማን ሊቀብርልን ነው አለች። ጉዳዩ በይደር ቀረ። ሱዓድ ያን ቀን በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ ግን ጠዋትም ማታም ሰላምታዋን አላጎደለችም፣ ፊቷንም አላጠቆረችም። ይህ ለደመቀች ሌላ መጠርጠሪያ ሆነላት፤ ቂም ያልያዘ ሰው ምን ይዞ ነው?

አሁን ደግሞ ነገር እየተበላሸ ሄደ። በመጀመሪያ ኪራዩ ዘገየ። ደመቀች ሱዓድ ገንዘቡን ተቀብላ ያስቀረችባት መሰላት። ቀጥሎ የማኅበሩ ሠራተኛ አሥራት በሞተር ሳይክሉ መመላለስ አበዛ። ከሱዓድ ጋር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፣ ከዚያ ወደ ኦቦ ዱቤ ቤት ይሻገራል። ደመቀች ይዛ ስታፋጥጠው፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ልትመጣ መሆኑን ነገራት። ተቆጣጣሪዋ ፉል ቤቱን በደንብ ተደራጅቶ ካላየችው ድጋፉ ሱሉልታ ላሉ ስደተኞች ይዞራል፤ ሱዓድም ልጆቿን ይዛ ወደ መጠለያ ጣቢያ ትመለሳለች። ይህን ሲናገር ዓይኑ መሬት መሬት ያይ ነበር። ደመቀች ይህንንም ያዘችበት።

በዚያው ሰሞን የኦቦ ዱቤ ሚስት ድንቅቱ ጋቢዋ ሥር አንድ ነገር ሸሽጋ በሱቁ በር ስታልፍ አየቻት። ምን እንደያዘች ጠየቀቻት። ድንቅቱ፣ ምንም አልያዝኩም ብላ እግሯን አፈጠነች። ጋቢው ውስጥ ያለው «ምንም» ግን እንደ ሳህን ተንኳኳ።

ተቆጣጣሪዋ በምትመጣበት ጠዋት ደመቀች ቁልፏን ከአንገቷ አውልቃ የእድሩን ዕቃ ቤት ከፈተች። ጓጉንቸሩ ደህና ነው፣ በሩም አልተነካም። ውስጡ ግን አግዳሚ ወንበሮቹ የሉም፣ ትልልቆቹ ብረት ድስቶች የሉም፣ የሳህኑ መደርደሪያም ባዶውን ቀርቷል። ሌላ ቁልፍ ያላቸው ኦቦ ዱቤ ብቻ ናቸው። ደመቀች ነገሩን በአንዴ ገጣጠመችው፤ ዳኛው ከስደተኛዋና ከዚያ ባለ ሞተር ጋር ገጥመው የሙታናችንን ዕቃ ሸጡት። ደስ አላት ማለት ነውር ይሆናል፣ ግን ትንሽ ደስ ብሏታል። ስትጠረጥር የኖረች ሴት አንድ ቀን ልክ ስትሆን ደስ ይላታል። በመንግሥት ሰው ፊት ላዋርዳቸው ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አምቦ መንገድ ወረደች።

ቆርቆሮ ቤቱ ሞልቷል። አግዳሚዎቹ በሙሉ እዚያ ናቸው፤ የእድሩ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠው ከእድሩ ሳህን ፉል ይበላሉ። ትልቁ ብረት ድስትም እሳት ላይ ተጥዷል። ደመቀች በሩ ላይ ስትቆም ማኘኩ ሁሉ ቆመ። ኦቦ ዱቤ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣

«ደመቀች፣ አካም ቡልቴ?» አሉ። ደህና አደርሽ ማለታቸው ነው፤ ድምፃቸው ግን ደህና ያደረ ሰው ድምፅ አልነበረም።

እሷ ሳትመልስ ተቆጣጣሪዋን አየች። ወይዘሮ ሐኒ ትባላለች። የድስቱን ክዳን ከፍታ ታያለች፣ የወንበሩን እግር ትነቀንቃለች፣ አንድ ወሬ ሁለት ሰው ትጠይቃለች። ደመቀች ዓይነቷን ወዲያው ለየች፤ ይህች ሴት ጫማዋን በፌስታል የምትይዝ ናት። ሐኒ አንድ ባዶ ሳህን አነሣችና ገለበጠችው።

«ይሄ አረንጓዴ ምልክት ምንድን ነው?»

ቤቱ በሙሉ ወደ ደመቀች ዞረ። በሰፈሯ ሰዎች ዓይን ውስጥ ያየችው የሌባ ድንጋጤ አልነበረም። የፈሩት እሷን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያወቀውን እሷ ብቻ ያላወቀችው ለካ እሷን ስለጠረጠሯት ነው። ነገሩ ልቧን ወጋው። ሱዓድ ጭልፋዋን እንደያዘች ቆማለች፤ አትለምንም፣ አታለቅስም። እድር ልግባ እንዳለችበት ቀን ሁሉ የደመቀችን አፍ ትጠብቃለች። ደመቀች ከቤቷ ያዘጋጀችው ቃል ምላሷ ላይ ደረቀ።

«የእድራችን ዕቃ ነው» አለች። «የቀባሁትም እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ማኅበሩ ለድስትና ለወንበር የወሰደው ገንዘብ የት ደረሰ?»

ደመቀች አሥራትን አየችው። አሁንም መሬት መሬት ያያል። የዘገየው ኪራይ ትዝ አላት። ያን ሁሉ ጥርጣሬ የዘራችው ለካ ያለ ማሳው ነው።

«እሱን እኛን አይጠይቁ፣ ከሰበታ የመጣውን ይጠይቁ» አለች።

አሥራት ላቡን እየጠረገ ተናገረ። ገንዘቡ ለስደተኞቹ አልተለቀቀም፤ አለቆቹ ዛሬ ነገ ሲሉ ጉብኝቱ ደረሰ፤ ከየትም ብለህ የሚታይ ነገር አሰናዳ ብለው አዘዙት። እሱም ኦቦ ዱቤን ለመናቸው። ሐኒ አዳመጠችው፤ የቀረውን ሰበታ ሄጄ ከአለቆችህ ጋር እጨርሰዋለሁ አለችው። ሳህኑን ግን ገና ከእጇ አላስቀመጠችም።

«እኔም እድርተኛ ነኝ» አለች ወደ ደመቀች ዞራ። «እድር ዕቃውን የሚያውሰው ለአባሉ ነው። ይቺ ሴት አባል ናት?»

ኦቦ ዱቤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን ማየት ጀመሩ።

«ናት» አለች ደመቀች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

ደመቀች ብትጨቃጨቅ እንጂ ዋሽታ አታውቅም።

«ከዛሬ ጀምሮ።»

ሐኒ ሳህኑን አቃናችና ለሱዓድ ዘረጋችላት፤ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣም ፉሏን በላች። ስትወጣ፣ ድጋፉ ከዚህ ቤት እንደማይነሣ በሁሉም ፊት ለአሥራት ነገረችው።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ደመቀች ኦቦ ዱቤን ለምን እንደሸሸጓት ጠየቀቻቸው። አንቱ ለራስዎ ሽማግሌ ነዎት፣ እንደ ሌባ በጋቢ ያሻግራሉ ወይ አለቻቸው። እሳቸው አልተቆጡም።

«ብንጠይቅሽ ትሰጪን ነበር?»

«አልሰጥም ነበር» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሳህኑና ድስቱ ታጥቦ ሲያልቅ እንደ ልማዷ እያንዳንዱን እየገለበጠች አየች። ከመሀል አንድ ምልክት የሌለበት ዕቃ አገኘች፤ አንገቱ ጠበብ ያለ፣ ጎኑ የተጎዳ አሮጌ የፉል ድስት ነው። የማን ነው ብላ ሳትጨርስ ሱዓድ መጣች።

«የኔ ነው፣ እትዬ ደመቀች። ከካርቱም ስወጣ ልብሴን ትቼ ይዤው የመጣሁት ነው። ለእድር መግቢያ የምከፍለው የለኝም፣ እሱን ውሰጂልኝ።»

ደመቀች ድስቱን አገላበጠችው። ነገ ጠዋት በምን ልትሠሪ ነው አለቻት። ሱዓድ ፈገግ ብላ፣ አባል አይደለሁ እንዴ፣ ከእድሩ እዋሳለሁ አለች።

«ብድግ ብለሽ የሄድሽ ቀንስ?»

«እኔ ብሄድም ድስቱ እዚሁ ይቀራል። ስትቀባበሩ ታበስሉበታላችሁ።»

ደመቀች ከዕቃ ቤት ቀለሙን አምጥታ፣ ድስቱን ደፍታ፣ ሥሩን እንደ ሌላው ሁሉ አረንጓዴ ቀባችው። ከዚያም ቀለሙ እስኪደርቅ ማንም እንዳይነካባት አጠገቡ ዱካ ስባ ተቀመጠች።