አናጢው የማያውቀው በደል

አናጢው ከጣራ ሲወድቅ ጭንቅላቱን ድንጋይ መታው። ሐኪም ቤት ብዙ ሳምንት ራሱን ስቶ ከረመ። ሲነቃ ሚስቱን ትክ ብሎ አያትና፣ "ምነው እንዲህ አረጀሽ?" አላት። እሷም እያለቀሰች ሳቀች። ነገሩ የገባት ቆይቶ ነው። ሐኪሙ እንዳስረዳት፣ ያለፉት ብዙ ዓመታት ከአእምሮው ተጠርገው ወጥተዋል፤ አዲስ ነገርም አይይዝለትም። "በወንፊት ውኃ እንደ መቅዳት ቁጠሪው" አላት።

እጁ ግን ሙያውን አልረሳም። ከቤቱ ጀርባ ባለችው የሥራ ክፍል መላጊያውን ይዞ ይውላል። የወንበር እግር ጠርቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ያስቀምጣል፤ ዞር ብሎ ሲመለስ ምን ይሠራ እንደነበር ይጠፋውና ሌላ እግር ይጀምራል። መቀመጫ የሌለው እግር ግድግዳውን ሞላው።

ጠባዩም ሌላ ሆነ። ድሮ እሱ ቤት ሲገባ ሳቅ በየጉሮሮው ይቀር ነበር። አሁን አላፊ አግዳሚውን በፈገግታ የሚቀበል ገራም ሽማግሌ ወጣው። ጎረቤቶቹ "ምነው ያ ድንጋይ ቀደም ብሎ በተገኘ!" እያሉ ይቀልዱ ነበር። አመሻሽ ላይ ብቻ ይጨነቃል። "ድንቡሼ እስካሁን ከትምህርት ቤት አልመጣችም?" ይላል።

ድንቡሼ አንድያ ልጁ ናት። ትምህርት ከጨረሰች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ልብስ ሰፊ ሆናለች። ሳታገባ ባረገዘች ጊዜ አባቷ በዝናብ አስወጥቶ በሩን ዘጋባት፤ "ልጅ የለኝም" አለ። ተጠግታ በተኛችበት የሰው ቤት አስወረዳት። ከዚያ ወዲህ ያን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። የምትፈልገው አንድ ቃል ነበር፤ "በድዬሻለሁ" የሚል። መርሳቱን ብትሰማም አላመነችም። ያን ቃል ሳይናገር እንዳይሞትባት ብላ መጣች።

የሥራ ክፍሉ በር ላይ ስትቆም ቀና ብሎ አያት። "ግቢ እንጂ ልጄ፣ እንግዳ ደጅ አይቆምም" አለና የሚቀመጡበትን ሳጥን በክንዱ ጠረገላት። "የማን ልጅ ነሽ?"

"አንድ አባት ነፍሰ ጡር ልጁን በዝናብ ቢያባርር፣ ፅንሷም ቢሞትባት፣ ምን ይሉታል?" አለችው።

መላጊያውን አስቀመጠ። "እሱ ደግሞ አባት ይባላል? አውሬ ነው እንጂ!"

"ያ አባት እርስዎ ነዎት። እኔ ድንቡሼ ነኝ።"

ሊስቅ ከጀለ። ወዲያው ቅንድቧ ላይ ያለውን ጠባሳ አየ፤ በልጅነቷ ከዚያው ከሥራ ጠረጴዛው ላይ ወድቃ ያገኘችው ነው። ፊቱ ዐመድ መሰለ። እግሯ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። "በድዬሻለሁ ልጄ! እጄን ይቁረጠው!"

አነሣችው፤ አብራው አለቀሰች። ዘመኗን ሙሉ የተጫናት ነገር የወረደላት መሰላት። ውኃ ልታመጣለት ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ ጉንጩን እየዳሰሰ፣ "ፊቴን ምን አረጠበው?" ይላል። ቀና ብሎ አያት። "ግቢ እንጂ ልጄ። የማን ልጅ ነሽ?"

ብርጭቆው ከእጇ ሊያመልጥ ነበር። እንደገና ነገረችው። እንደ አዲስ ሰማ፤ እንደ አዲስ ተደፋ። ይህን ጊዜ አላነሣችውም። ጥቂት ቆይቶ ረሳው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጀምር ድምጿ ውስጥ ርኅራኄ አልነበረም። እንዲያለቅስ ፈልጋለች፤ ለራሷም ታውቋታል።

እናቷ ከተፍ አለች። "በቃሽ! ይሄ እኮ ያ ሰውዬ አይደለም።"

"ታዲያ ያ ሰውዬ የት ሄደ? ማንን ልያዝ?"

"እኔን ያዢኝ። በሩ ሲዘጋብሽ እኔም ውስጥ ነበርኩ። ትንፍሽ አላልኩም።"

ድንቡሼ ብርጭቆውን አስቀምጣ ወጣች።

በማግስቱ ምንም ላትነግረው ወስና፣ ምሳ ይዛ መጣች። አባቷ ገና ሲያያት ብድግ ብሎ ሚስቱ ጀርባ ተሸጎጠ።

"ይቺ ማናት?"

"የጎረቤት ልጅ ናት፤ ምን ሆንክ?" አለች ሚስቱ።

"አላውቃትም። ግን አስወጪልኝ፤ ፈራኋት።"

የተነገረው ሁሉ ጠፍቶ ሕመሙ ብቻ ቀርቶበት ነበር። ከዚያ በኋላም ሞከረች፤ ባያት ቁጥር ይሸሻታል። በመጨረሻ መምጣቷን ተወችው።

አሁን እናትና ልጅ የሚገናኙት ልጅቱ ልብስ በምትሰፋበት ቤት ነው። እናት ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጣ አዝራር ትተክልላታለች። ድንቡሼ ስለ አባቷ አትጠይቅም፤ እናትም ካልተጠየቀች አትናገርም።